ደም መላሹ ኤዚዮ በማርቆስ ጌም ቤት

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ አንድ ጌም ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት ቁጭ ብዬ አንድ ጌም ገመገምኩ። ብቻዬን አይደለም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ከሚቀመጡ ስምንት ዘጠኝ ሰዎች ጋር ነው። ጌሙ አሳሲንስ ክሪድ 2 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ ያረጀ ጌም ነው። ለምን አሁን ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ቤቱ የአብሮ አደጌ ነው። ሦስት ቴሌቪዥን አለው። ሁለቱ ላይ ፕሌይስቴሽን 4 ተሰክቷል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ፊፋ ነው። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይገባል። ሦስተኛው ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 3 ነው። ማንም አይነካውም። "ቦታ ይዞብኛል፣ ልሸጠው ነው" አለኝ። ከሥሩ በፌስታል የታሰሩ ሲዲዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ተጫጭረዋል። አንዱ ብቻ ንጹሕ ነበር። ነጭ ካባ የለበሰ፣ ፊቱን በቆብ የጋረደ ሰው ሽፋኑ ላይ አለ።

የመጀመሪያውን ክፍል ካምፓስ እያለሁ ጀምሬው ግማሽ ላይ ትቼዋለሁ። እናም ለአብሮ አደጌ "ከመሸጥህ በፊት ሦስት ሳምንት ስጠኝ፤ ፊፋ ቤት ውስጥ ታሪክ ያለው ጌም ሰው ይይዝ እንደሆነ እንየው" አልኩት። እሺ አለ። "ግን የሚጫወት ሁሉ ይከፍላል። አንተም ጭምር።"

ምኑን ነው የምንፈትነው?

ተከታይ ክፍል ሲወጣ ሰው የሚጠይቀው "ከመጀመሪያው ይበልጣል ወይ?" ብሎ ነው። እኛ ቤት ይህ ጥያቄ አይሠራም። ከእኔ በቀር የመጀመሪያውን ያየ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሁለት ነገር ያዝኩ። የመጀመሪያውን ያላየ ሰው ይገባዋል ወይ? እኔን ያስመረረኝ ነገርስ ተስተካክሏል ወይ?

ያስመረረኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ክፍል የወጣው በ2007 ነው። ዘመኑ 1191 ነው፤ ሦስተኛው የመስቀል ጦርነት። ከተሞቹ ደማስቆ፣ አኮና ኢየሩሳሌም ናቸው። አልታይር የሚባል ገዳይ ዘጠኝ ሰዎችን እንዲገድል ይላካል። ሐሳቡ ግሩም ነበር። አሠራሩ ግን ዘጠኝ ጊዜ ያው ነው። ከተማ ግባ፣ ማማ ላይ ውጣ፣ ወሬ አድምጥ፣ ኪስ አውልቅ፣ አንዱን ደብድበህ አናዝዝ፣ ግደል፣ ሩጥ። ከዚያ እንደገና። አራተኛው ላይ ስደርስ የቤት ሥራ የምሠራ መሰለኝ። በዚያ ላይ አልታይር ዋና አይችልም። ጣሪያ ለጣሪያ እንደ ድመት የሚዘል ሰው፣ ውሃ ውስጥ ከወደቀ አለቀለት። የአባይ አገር ሰው ይህን ይቅር አይልም።

ሁለቱ ማታዎች

አጀማመራችን መጥፎ ነበር። ጌሙ የሚጀምረው በእኛ ዘመን ነው። ዴዝሞንድ ማይልስ የሚባል ወጣት ከያዘው ድርጅት ያመልጣል። ከዚያ አኒመስ በሚባል ማሽን ላይ ተጋድሞ የአያት ቅድመ አያቶቹን ሕይወት ያያል። የመጀመሪያውን ክፍል ላላየ ሰው ይህ ሁሉ ግራ ነው። እኔም እንደ ድሮ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ከጎን ሆኜ ለማስረዳት ሞከርኩ። "ከዘሩ የወረሰው ትዝታ ነው" አልኩ። "እንዴ፣ ዛር ነው?" አለ አንዱ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ስላልነበረኝ ዝም አልኩ።

ከዚያ 1476 ፍሎረንስ ገባን። ኤዚዮ አውዲቶሬ የ17 ዓመት ጎረምሳ ነው፤ የባንክ ባለቤት ልጅ። ይደባደባል፣ ሴት ያሳድዳል፣ የአባቱን ደብዳቤ ያደርሳል፣ ለትንሽ ወንድሙ የንስር ላባ ይለቅማል። ካባ የለም፣ ቢላ የለም። አግዳሚው አጉረመረመ። "ገዳይ ነው አላልክም? ይሄ እኮ ተላላኪ ነው!" ሁለቱ ተነስተው ወደ ፊፋው ሄዱ። አብሮ አደጌ ሳቀብኝ።

በሁለተኛው ማታ አባቱና ሁለት ወንድሞቹ አደባባይ ላይ ተሰቀሉ። ኤዚዮ ሕዝቡን እየገፋ ይሮጣል፤ አይደርስም። ያ ላባ ሲለቀምለት የነበረው ልጅም ከሦስቱ አንዱ ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። ፊፋ የያዙት ሳይቀሩ ዞረው አዩ። መላላኩ ምን ይሠራ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። አልታይር ሲገድል ለምን እንደሚገድል ግድ አልነበረኝም። እዚህ ግን ሁላችንም ያን ቤተሰብ ለመድነው። ምሳ ሰዓት ላይ ቤታቸው የገባን ያህል ነበር።

በር ላይ አንድ አዛውንት ቆመው ነበር። የአብሮ አደጌ አባት ናቸው፤ ማታ ማታ ቁልፍ ሊረከቡ ይመጣሉ። ደም ሲያደርቁ የኖሩ፣ በሽምግልና የታወቁ ሰው ናቸው።

"ይሄ ልጅ ደም ሊመልስ ነው?" አሉኝ።

"አዎ አባባ።"

"ደመኞቹ ስንት ናቸው?"

"ብዙ ናቸው።"

ልጆቹ ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ከዚያ ማታ ጀምሮ አልቀሩም። ሲመጡም ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ "ዛሬ ስንት ቀረው?"

የመጀመሪያ ጥያቄዬ መልስ እዚህ ላይ ተገኘ። ስለ አኒመስ ማንም ደንታ አልነበረውም። ደም መመለስን ግን ለጎጃም ሰው ማን ይተረጉምለታል? እንዲያውም ማሽኑን የሚያሳዩትን ክፍሎች "ዝለለው፣ ዝለለው" ይሉኝ ጀመር። አይዘለልም እንጂ እኔም በዘለልኩት።

መሸሸጉ

የሁለተኛው ክፍል ትልቁ ለውጥ ሰው መሀል መጥፋት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ለመሰወር ነጭ የለበሱ ምሁራን መሀል መግባት ነበረብህ። በሁለተኛው የትኛውም ሰብሰብ ያለ ሰው ይበቃል። ሦስት አራት ሰው ቆሞ ሲያወራ መሀላቸው ትገባለህ፤ ዘበኛው ያልፍሃል። የገበያ ቀን መሀል ገብቶ ከአበዳሪው የተሰወረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በገንዘብ ሰው መቅጠርም አለ። ሌቦች ዘበኛውን አታልለው ያስሮጡታል። ቅጥር ተዋጊዎች ይጋጠሙታል። ሴተኛ አዳሪዎችም ከበው ይሸፍኑሃል፣ ዘበኛውንም በወሬ ይይዙታል። አዛውንቱ "እነዚህ ደግሞ ማን ናቸው?" ሲሉ "አዝማሪዎች ናቸው" አልኳቸው። ልጆቹ ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑ።

ወንጀልህ በበዛ ቁጥር ስምህ ይገናል፤ ከተማው ሁሉ ያውቅሃል። ለማስረሳት ሦስት መንገድ አለ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ምስልህን ትቀድዳለህ። ወይም በሐሰት የሚመሰክርብህን ባለሥልጣን ትገድላለህ። ወይም ለአዋጅ ነጋሪው ጉቦ ትሰጣለህ። ሦስተኛው አግዳሚውን በጣም አስደሰተ። አንዱማ "ይሄ ጌም እኛ አገር ነው የተሠራው" አለ።

ምርጡ ምሽታችን የቬኒስ ካርኒቫል ነበር። ኤዚዮ ማርኮ ባርባሪጎን መግደል አለበት። ሰውዬው በእውነተኛው ታሪክ ከ1485 እስከ 1486 የቬኒስ ዶጅ፣ ማለትም ገዢ፣ የነበረ ነው። ጭምብል ካላደረግህ ግብዣው አትገባም። ገዢው ጀልባ ላይ ቆሟል። ሽጉጥ አለህ፤ ድምፁ ግን ያጋልጥሃል። ስለዚህ ሰው መሀል ተደብቀህ ርችት እስኪተኮስ ትጠብቃለህ። ርችቱ ሲጮህ ትተኩሳለህ። የያዘው ልጅ ሦስት ጊዜ ቸኩሎ ተበላሸበት። በአራተኛው ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ርችቱ ጮኸ፣ ተኮሰ፣ ዶጁ ወደቀ። ኤዚዮ በላቲን "ሬኩዊዬስካት ኢን ፓቼ" አለ፤ በሰላም ይረፍ ማለት ነው። አግዳሚው በአንድ ድምፅ "ነፍስ ይማር!" አለ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ግድያ እንደዚያው ሆነ።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ከብዙ ገምጋሚዎች ጋር አልስማማም። መሸሸጉ ያማረ ነው፤ ግን ግድ አይደለም። ከተያዝክ ምንም አትሆንም። ዘበኞቹ ይከቡሃል እንጂ ባንድ ላይ አይመቱህም። ተራ ይጠብቃሉ። አንዱ ሲሰነዝር በሰዓቱ ቁልፍ ከተጫንክ መልሰህ ትገድለዋለህ። የጭስ ቦምብ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ እርድ ይሆናል። አንድ የ14 ዓመት ልጅ አሥር ያህል ዘበኛ እያንዳንዱን በተራ ጨረሰ። "ታዲያ ለምን እደበቃለሁ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በድብቅ ግደል የሚል ጌም ይህን ጥያቄ ማስነሳት አልነበረበትም። አንዳንዱ ሚሽን፣ ማለትም ጌሙ የሚሰጥህ ተልእኮ፣ "ከታየህ ተሸንፈሃል" ይላል፤ አብዛኛው ግን አይልም።

መፍትሔውን ያመጣው አብሮ አደጌ ነው። እሱ ያሰበው ስለ ጌሙ አልነበረም፣ ስለ ገንዘቡ ነው። አንድ ሰው ጆይስቲኩን ከያዘ ሰዓት ሙሉ አይለቅም፤ ሌላው በነፃ ያያል። ስለዚህ ሕግ አወጣ፦ ዘበኛ ካየህ ጆይስቲኩን አስረክብ፣ ቀጣዩ ከፍሎ ይግባ። በአንድ ማታ ጌሙ ሌላ ሆነ። ልጆቹ ግድግዳ ታከው መሄድ ጀመሩ። ጭድ በሞላ ጋሪ ውስጥ ተኝተው ዘበኛ እስኪያልፍ ደቂቃ ይጠብቃሉ። ያው የ14 ዓመት ልጅ አንድ ቤተ መንግሥት ማንም ሳያየው ገብቶ ወጣ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሠሪዎቹ ያላስቀመጡትን ቅጣት አንድ የማርቆስ ነጋዴ አስቀመጠላቸው።

(ስለ ጭዱ ካነሳሁ፣ ኤዚዮ ከማማ ላይ ዘሎ ጭድ ውስጥ ሲያርፍ አዛውንቱ በየጊዜው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። "ከዚያ ላይ የወደቀን ሰው ክምር እንኳ አያድነው" አሉ። ሰው ሲገደል ግን አልነቀነቁም።)

የተሰላቸሁበት ነገርስ? እሱ ተስተካክሏል። ሚሽኖቹ ይለያያሉ። አንዱ ጋሪ መንዳት ነው፣ አንዱ ሌባ ተከትሎ ጣሪያ ላይ መሮጥ፣ አንዱ በሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የበረራ ማሽን ቬኒስ ላይ መብረር። በየከተሞቹ የተደበቁ ስድስት መቃብሮች አሉ፤ ከውጊያ ይልቅ መንገዱን በዓይን ፈልገህ የምትወጣባቸው። እኔ በጣም የወደድኩት እነሱን ነው። ኤዚዮ ዋናም ይችላል። አግዳሚው ይህን እንደ ቀላል ነገር ወሰደው፤ እኔ ብቻ ነኝ የተደሰትኩት።

ታሪኩ ምን ያህል ታሪክ ነው?

የፓዚዎች፣ የአንድ የፍሎረንስ ባለጸጋ ቤተሰብ፣ ሴራ እውነት ነው። ሚያዝያ 26 ቀን 1478 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ፍሎረንስ ካቴድራል ውስጥ ቅዳሴ ላይ ከከተማዋ ገዢ ቤተሰብ የሆነውን ጁሊያኖ ዴ ሜዲቺን ወግተው ገደሉት። ወንድሙ ሎሬንዞ ቆስሎ አመለጠ። ጌሙ ይህን ዕለት ያሳያል፤ ሎሬንዞን የሚያተርፈው ግን ኤዚዮ ነው። ከገዳዮቹ አንዱ በርናርዶ ባሮንቼሊ በጌሙ በኤዚዮ እጅ ይሞታል። እውነተኛው ባሮንቼሊ ግን እስከ ቁስጥንጥንያ ሸሽቶ ነበር። ተይዞ ተመለሰና በ1479 ፍሎረንስ ላይ ተሰቀለ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የተንጠለጠለ ሬሳውን በወረቀት ነድፎታል፤ ሥዕሉ ዛሬም አለ። እኔ ብሆን ይህን ነበር ጌሙ ውስጥ የማስገባው። የኤዚዮ ወዳጅ ሠዓሊ፣ የኤዚዮን ደመኛ ሬሳ ሲነድፍ!

መድኃኒት የሚሸጡት ሐኪሞች የወፍ ምንቃር ያለው ጭምብል ያደርጋሉ። ያ ጭምብል የታወቀው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ማለት ከመቶ ዓመት በላይ ተሻግሮ ነው የመጣው። ያም ሆኖ ከተሞቹን ያየ ሰው ይማራል። እያንዳንዱ ሕንፃ ጋ ስትደርስ የሚነበብ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም ትንሽ ነው፤ በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ዓይን ይፈጃል። እኔ እያነበብኩ ተረጎምኩ። ግማሹን ማለት ነው።

አንድ ማታ ቬኒስ ጣሪያ ላይ ቆመን አንዱ ልጅ "ያኔ እኛ የት ነበርን?" አለ። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት። በ1441፣ ኤዚዮ ከመወለዱ 18 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለጉባኤ ፍሎረንስ ገብተዋል። እኛ አገር ዘመኑ የዘርዓ ያዕቆብ ነው። በ1480 ገደማ ደግሞ፣ ኤዚዮ ደመኞቹን በሚያሳድድበት ጊዜ ማለት ነው፣ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። መርቆሬዎስ ተባለ። አልተመለሰም። ከአርባ ዓመት በላይ እዚህ ኖረ። ሥዕሎቹ ከተገኙባቸው አገሮች አንዱ ጎጃም ነው። እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ እንደታቀፈች በመሣሉ ትልቅ ቁጣ ተነስቶበት ነበር ይባላል።

"ይሄን ጌም ለምን አይሠሩትም?" አለ ልጁ። ከቬኒስ ሸሽቶ ጎጃም ገዳም የተደበቀ ሠዓሊ። ብራንካሊዮን ሸሽቶ አይደለም የመጣው ልለው አልኩና ተውኩት። ልጁ ከሠሪዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ጭንቅላት ነው ያለው።

ገንዘብና መብራት

እዚህ ላይ አልቆይም። ኤዚዮ ከሸሸ በኋላ የሚኖርበት የአጎቱ መንደር፣ ሞንቴሪጆኒ፣ የፈራረሰ ነው። ሱቆቹን በገንዘብህ ታድሳለህ፤ በየ20 ደቂቃው ገቢ ሣጥን ውስጥ ይጠራቀማል። አብሮ አደጌ ከጌሙ ሁሉ የወደደው ይህን ነው። "ኪራይ ነው እኮ!" እያለ። ችግሩ መሀል ላይ ብሩ ይተርፍሃል፣ የምትገዛው ይጠፋል። መቶ ላባ መልቀምም አለ። ከስቅላቱ በኋላ አንደበቷ ለተዘጋ እናቱ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ሁሉንም ከለቀምክ ሽልማቱ ካባ ነው፤ ካባውን ስትለብስ ደግሞ ከተማው ሁሉ እንደ ወንጀለኛ ያውቅሃል። ለድብቅ ገዳይ!

መብራት ደጋግሞ ጠፋብን። ጌሙ ራሱ እያስቀመጠ ስለሚሄድ ብዙ አላጣንም። ለኮምፒውተር በ2010 ሲወጣ ያለማቋረጥ ኢንተርኔት ካልተገናኘ አይሠራም ነበር፤ ግዴታው ኋላ ላይ ነው የተነሣው። በሲዲ መጫወታችን በጀን።

ያጣነው ሌላ ነገር ነው። ታሪኩ ከ1488 በአንዴ ወደ 1499 ይዘላል። 12ኛውና 13ኛው ምዕራፍ የሉም። ትዝታው ተበላሽቷል ይልሃል። እውነቱ ግን ሁለቱ ምዕራፎች በ2010 መጀመሪያ ለብቻቸው ተሽጠዋል። እኛ ሲዲው ላይ የሉም። "አሥራ አንድ ዓመት የት ሄደ?" አሉ አዛውንቱ። "ተሸጠ" አልኳቸው። የቀለድኩ መሰላቸው።

ጥጉ እንደ ፊፋው ገንዘብ አላስገባም፤ አልተጠጋውምም። ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን ለመብራቱና ለቦታው የሚበቃ ሆነ። ፕሌይስቴሽኑ አልተሸጠም።

የመጨረሻው ማታ

1499፣ ሮም። የመጨረሻው ደመኛ ሮድሪጎ ቦርጂያ ነው። በ1492 የሮም ጳጳስ ሆኗል፤ አሌክሳንደር 6ኛ። ይህን ስተረጉም አዛውንቱ ቀና አሉ። "ጳጳስ ከሆነማ አይነካም።" ኤዚዮ ግን ነካው፤ በቡጢ። ሰውዬውን መሬት ላይ ጣለው። አግዳሚው ቆመ። "ጨርሰው!" የሚል ጩኸት። ኤዚዮ ግን እጁን ሰበሰበ። አንተን መግደል ቤተሰቤን አይመልስልኝም ብሎ ተወው።

ቤቱ በቁጣ ፈነዳ። ሦስት ሳምንት ከፍለን! ከዚያ ዋሻ ውስጥ ገባ፤ አንዲት ብርሃን የለበሰች ሴት ወጥታ ከኤዚዮ አልፋ ከዴዝሞንድ ጋር ታወራ ጀመር። ኤዚዮ ራሱ ግራ ገብቶት ዴዝሞንድ ማን እንደሆነ ሲጠይቅ ቤቱ በሳቅ ሞተ። ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ የእኛም ጥያቄ እሱ ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል ላላየ ሰው ይህ ፍጻሜ አልተጻፈም። የደሙ ታሪክ ሮም ላይ አለቀ፤ የዛሩ ታሪክ ለሌላ ሲዲ ቀረ።

አዛውንቱ አልሳቁም። "ካሳውስ?" አሉ።

"የምን ካሳ አባባ?"

"ሦስት ነፍስ ነው የጠፋበት። ካሳ አልተቆረጠ፣ መሐላ የለ፣ የሰውዬው ልጆች አልተጠሩ። ዝም ብሎ ትቶት ሄደ። ይሄ እርቅ ነው?"

ለካ የእሳቸው ጭንቀት ሌላ ነበር። ቀጣዩ ክፍል በ2010 እንደወጣ፣ ብራዘርሁድ እንደሚባል ነገርኳቸው። የሚጀምረውም ከዚያው ማታ ነው። በጥር 1500 የሮድሪጎ ልጅ ቼዛሬ መድፍ ይዞ ሞንቴሪጆኒን ያፈርሳል፤ የኤዚዮን አጎትም ይገድላል።

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ቁልፉን ከልጃቸው ተቀበሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ።

"ያ ሲዲ" አሉት ልጃቸውን፣ "አዲስ አበባ ይገኛል?"